መሰላል የሌለው ማማ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ካለበት የዘንድሮ ማሽላዬን ግሪሳ ይብላው፣ አገዳው ብቻ ይቅርልኝ፤ ለይፋት ቆላ ሰው ከዚህ የከፋ መሐላ የለም። የማታምኑ ከሸዋ ሮቢት ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ጀውሃ ስትሄዱ ያገኛችሁትን የማሽላ ጠባቂ ጠይቁ። ሊያሳጥርባችሁ ይችላል እንጂ ሌላ አይነግራችሁም።

ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ወፍ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። አንዱ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ሲሰበሰብ ግን ፀሐይ ይጋርዳል። አምና አንድ ማሳ ላይ አርፎ ሲነሳ ማሽላውን ጨርሶ የባለቤቱን ኮፍያ ይዞበት ሄዷል። ስለዚህ በየማሳው መሐል በባላ ላይ ማማ ይሠራል። ጠባቂው በመሰላል ይወጣና ከንጋት እስከ ምሽት ወንጭፍ ሲያጮህ ይውላል። ግሪሳ ያየ ማማ ይጮኻል፤ የሚቀጥለው ይቀበለዋል፤ ያም ለወዲያኛው ያቀብላል። ጩኸቱ ከወንዙ ዳር ተነስቶ አስፋልቱ ጋ እስኪደርስ ድረስ አንድ ሰው ተናፍጦ አይጨርስም።

ራቢዓ ፍቅርን የተማረችው እዚያ ማማ ላይ ነው።

አባቷ ሀጂ ሰዲቅ የሽንኩርት መስኖ፣ የማንጎ ቦታና ከተማ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ከማሳቸው ማዶ ያለው መሬትም የእሳቸው ነው፤ የሚያርሱት ግን የሷሊሕ አባት ናቸው፣ በእኩል፤ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። ሷሊሕና ራቢዓ ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት ማማዎች ላይ ሁለት መኸር ተያይተዋል። ስልክ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የእሷን አባቷ ወስደውታል፤ የእሱን ኔትወርኩ ወስዶታል። ስለዚህ ደብዳቤያቸውን ጠጠር ላይ ጠቅልለው በወንጭፍ ይላላካሉ።

አንድ ቀን የሷሊሕ ደብዳቤ አቅጣጫ ስቶ ማሳው መሐል የቆሙትን ሀጂን አናታቸው ላይ መታቸው። ሀጂ ቁርዓን ያንበለብላሉ እንጂ የአማርኛ ፊደል አይለዩም። ሽቅብ አዩ፤ ሰማዩ ባዶ ነው።

"እስቲ አንቺ፣ ምን ይላል ይሄ?" ብለው ለልጃቸው ሰጧት።

ወረቀቱ "ትናንት ቀይ ሻሽሽን ስታስሪ ግሪሳው ማሽላዬን በላው፤ ዕዳው ያንቺ ነው" ይላል። ራቢዓ ጉሮሮዋን ጠራረገችና፣ "ከግብርና ነው አባ። የግሪሳ መድኃኒት በአውሮፕላን ስለሚረጭ ከብቶቻችሁን ሰብስቡ ይላል" አለች። ሀጂ ሳምንት ሙሉ ከብት ሰብስበው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ከረሙ።

ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል። አሁን የምነግራችሁ የዘንድሮውን ነው።

አንዋር የራቢዓ ታናሽ ወንድም ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ከተማ ቤት ተከራይተውለት ይማር ነበር። ፈተና ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ይዘው ማጥናት ጀመሩ። ጫቱ እንቅልፍ ሲነሳቸው ለመተኛ ክኒን፣ ክኒኑ ሲያፈዛቸው ለመንቂያ ጫት እያሉ ቆይተው ጥናቱ ቀረና ክኒኑ ብቻውን ቀረ። የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ትራማዶል ይሉታል። የማንን ሕመም እንደሚያስታግስ አንዋርም አያውቀውም። ቤተሰቡ የነቃው ልጁ ቤት መጥቶ የገዛ እናቱን ስም ለማስታወስ ሲጨነቅ ባዩት ጊዜ ነው።

እናቱ እትዬ ዓይሻ ለጎረቤት፣ "ወባ ይዞት ነው" አሉ። በዚህ አገር ወባ ብዙ ነገር ተሸክማለች።

ሀጂ ሰዲቅ ግን ዘዴ መጣላቸው። ልጁን ማሳው መሐል ካለው፣ የሌላ ማማ መሰላል ከማይደርስበት ረጅም ማማ ላይ አወጡትና መሰላሉን ወስደው ከተማ መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት። ልጁ ተንሸራቶ እንዳይወርድ የባላዎቹን እግር በቆንጥር እሾህ ጠቀለሉት። "ፀሐይ ይመታዋል፣ ያልበዋል፣ መርዙ ይወጣለታል። ማሽላውም ይጠበቃል" አሉ። ሐኪም ቤት ይሂድ ያላቸውን ሁሉ፣ "የሀጂ ሰዲቅ ልጅ ሱሰኛ ነው ተብሎ ካርድ እንዲወጣበት ነው?" ብለው መለሱ።

ዱዓም አልቀረም። ሽማግሌዎች ከማማው ሥር ተሰብስበው፣ ጫት ይዘው፣ ልጁን ከሱስ አውጣው ብለው ለመኑ። ከልባቸው ነው፤ ያለቀሱም አሉ። የቅጠሉ ሽታ ግን ከዱዓው ቀድሞ ወደ ላይ እየወጣ ልጁን አሳበደው። ጥርሱ ሲፋጭ ራቢዓ ታች ሆና ሰምታዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ምግቡን በገመድ ልትልክለት ስትመጣ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ፀሐዩ ሳይጠነክር ሸሚዙ በላብ ርሷል።

"እታለም፣ መሰላሉን አምጪልኝ።"

"ቁልፉ አባ ጋ ነው።"

"አጥንቴን የሚበላኝ ነገር አለ። ቆዳዬ ሥር ጉንዳን አለ።"

"ያልፋል አንዋሬ። ትንሽ ብላ።"

"እሺ ይሄን ገመድ ጭራሹን ልቀቂልኝ።"

"ገመዱን ምን ልታደርገው?"

ራቢዓ ገመዱን ጠምጥማ ደረቷ ላይ ያዘችው፤ ቀኑን ሙሉም ከእጇ አላወረደችው። ወንድሟ ከላይ ሲያያት እሷ ቀና ማለት አቃታት። ቀና ብትል ዓይኑ ውስጥ የምታየውን ፈርታለች።

ግን አንድ ነገር ታዘበች። በየቀኑ ረፋዱ ላይ ልጁ ጸጥ ይላል። መንቀጥቀጡ ይበርድለታል፣ ውሃም ይጠጣል። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ከሷሊሕ ማማ አንድ የጭቃ ጓል በወንጭፍ ይመጣና ከአንዋር ማማ ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ ለወፍ መስሏት ነበር። ሷሊሕ ግን ወፍ አይስትም።

አንድ ቀን አንዱ ጓል አጠረና እግሯ ሥር ወደቀ። አንስታ ሰበረችው። ውስጡ በፌስታል ቁራጭ የተጠቀለለ ግማሽ ክኒን አለ።

የሰው ልብ ሲሰበር ድምፅ የለውም ይላሉ። ውሸት ነው፤ እኔ ከሩቅ ማማዬ ላይ ሆኜ ወንጭፏን ስትወረውረው አይቻለሁ። ማሽላውን እየጣሰች ድንበሩ ጋ ደረሰች። ሷሊሕ ከማማው ወርዶ ጠበቃት። አባቱ ከበስተኋላ አገዳ እየቆረጡ ነበር።

"ይሄ ምንድነው?"

"ግማሽ ክኒን።"

"አንተ ነህ የምታቀብለው?"

"አሁን እኔ ነኝ።"

"እንዲህ እያየኸኝ ትነግረኛለህ?"

"ራቢ፣ ድምፅሽን ቀንሺና ስሚኝ። በአንዴ ከተቆረጠበት ይሞታል። ትናንት ከፊተኛው ቀን ያነሰ ነው የላክሁለት፤ ዛሬ ደግሞ ከትናንቱ ያነሰ ነው። ሐኪም ቤት ውሰዱት ብዬ ለአባትሽ ሰው ልኬ ነበር። 'የእኩል አራሽ ልጅ ምክሩን ለራሱ ያድርገው' አሉኝ።"

"ሐኪም ሆንክ?"

"አልሆንኩም።"

"ታዲያ ማን አስተማረህ?"

ሷሊሕ ወደ አባቱ ዞር ብሎ አየ። ሽማግሌው መቁረጡን ትተዋል፤ ማጭዳቸው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። "ወንድሜን... ወንድሜን አይቼዋለሁ" አለ ሷሊሕ።

"ወንድምህ የሞተው በወባ ነው። የነገርከኝ ራስህ ነህ። ያኔ አልቅሼልሃለሁ።"

አፉን ከፈተ። አባቱ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ፤ አትበል ነው። የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋው። ራቢዓ ያየችው መዘጋቱን ብቻ ነው። ማን እንደዘጋው አላየችም።

"ወላሂ ራቢ..."

"የአላህን ስም ተው። ያንን ስም እንኳ ተውልኝ።"

ለአባቷ ነገረች። ሀጂ አልጮኹም፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል። ድንበሩ ላይ ቆመው ለሷሊሕ አባት፣ "ማሽላህን ታነሳለህ፤ ሐቅህ ነው። ልጅህ ግን ነገ ፀሐይ ሲወጣ መሬቴ ላይ እንዳላገኘው። ፖሊስ ያልጠራሁት ለራሴ ስም ብዬ ነው" አሉ። የሷሊሕ አባት መሬት መሬት አዩ።

ምሽት ላይ ራቢዓ ማማዋ ላይ ወጥታ የመጨረሻ ደብዳቤዋን ጠጠር ላይ ጠቀለለች። "ከእንግዲህ ፊትህን ወዲህ አታዙር። ቀይ ሻሹን አቃጥዬዋለሁ" ይላል። ሻሹን አላቃጠለችም፤ ጉያዋ ውስጥ ነበር። ጠጠሩ ሄደ። ወንጭፉ ቀለለ፣ ክንዷ ግን ከበዳት፤ ሌሊቱን በሙሉ ከበዳት።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነው። ሀጂ ከተማ ወጡ። ሷሊሕ ቦርሳውን አንጠልጥሎ አስፋልቱ ዳር ቆመ፤ የአጣዬ መኪና ይጠብቃል። ረፋዱ ደረሰ። ጓል አልመጣም።

አንዋር መጀመሪያ ለመነ። ከዚያ ተሳደበ፤ እህት በማትጠራበት ስም ጠራት። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ። ራቢዓ ቀና ስትል እጁ ከማማው ጠርዝ ውጪ ተንጠልጥሎ እንደተያዘ ወፍ ይርገበገባል። እግሮቹ እርብራቡን ይደበድቡታል። አረፋ ከአፉ ወጥቶ በባላው ላይ ወረደ። እያንዳንዱ መንፈራገጥ ሰውነቱን ወደ ጠርዙ ይገፋዋል።

ባላውን አቀፈችና ሽቅብ ተንጠላጠለች። ቆንጥሩ መዳፏን ቀደደው፣ ቀሚሷን ይዞ መልሶ ጣላት። ደግማ ሞከረች፤ ደግማ ወደቀች። እጆቿን ዘርግታ ከሥሩ ቆመች፤ ከወደቀ እኔ ላይ ይውደቅ ብላ።

ያኔ ነው የጮኸችው።

አባቷን አልጠራችም። ጎረቤትም አልጠራችም። አምላኳን "ያ ረቢ" ብላ ልትጠራ የከፈተችው አፍ "ሷሊሕ" አለ። ለምን እንደሆነ ዛሬም ብትጠየቅ አትነግራችሁም። በይፋት ቆላ ሴት ልጅ ያላገባችውን ወንድ ስሙን በአደባባይ አትጠራም፤ እሷ ግን ያ ሁሉ ማማ ጆሮውን አቁሞ እያለ ጠራችው። ደግማ ጠራችው። ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ በተሰነጠቀው ጠራችው።

የሚቀጥለው ማማ ላይ ያሉት ጋሼ በላይ ናቸው፤ ችኩል ሽማግሌ። ለግሪሳ ጩኸት አርባ ዓመት አፋቸውን አሠልጥነዋል፤ የመጣላቸውን መቀበል እንጂ መመርመር አያውቁም። "ሷሊሕ! ራቢዓ ትጠራሃለች!" ብለው አቀበሉ። ቀጣዩ ማማ ተቀበለ። ከዚያ የእኔ ነው፤ እኔም ተቀበልኩ፣ "ኧረ ቶሎ በል" የሚል ጨመርኩበት። ከእኔ ቀጥሎ ያለችው ሴትዮ፣ "ልጅቷ እየሞተችልህ ነው፣ ምን ያቆምሃል" አለችበት። እንዲህ እየተቀባበለ የራቢዓ ምሥጢር በየማሳው ላይ እየበረረ ሄደ። የሁለት ዓመት ፍቅሯን ከወንዙ እስከ አስፋልቱ ያልሰማ አልቀረም። ግሪሳው እንኳ ተነስቶ ሄዷል።

አስፋልቱ ዳር የአጣዬው መኪና ቆሞ ረዳቱ፣ "ግባ እንጂ ወንድሜ" ይለዋል። ሷሊሕ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ነበር። ቦርሳውን መኪናው ይዞት ሄደ።

ሲደርስ ከየማማው የወረዱ ሰዎች ከአንዋር ማማ ሥር ቆመው፣ "ክብሪት አሽቱት" ይባባላሉ። ክብሪቱን ማን ይዞ እንደሚወጣ ግን የተናገረ የለም። ሷሊሕ ማንንም አላየም፤ ራቢዓንም አላየም። ቆንጥሩን በእጁ፣ በክርኑ፣ በደረቱ ጨብጦ ወጣ። ሸሚዙ ከእሾሁ ላይ ቀረ። ከላይ ልጁን ወደ መሐል ጎትቶ በጎኑ አስተኛው። "አንዋሬ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ሲል ይሰማል። መንፈራገጡ ሲተወው ገመዱን ወርውሪልኝ አላት። ራቢዓ ከዚያ ቀን ጀምራ ያልለቀቀችውን ገመድ ያን ጊዜ ለቀቀችው። ልጁን ጀርባው ላይ አስሮ ወረደ።

ጩኸቱን ሰምቶ በደረሰው በቢኒያም ባጃጅ ውስጥ አንዋርን መሐል አድርገው ተቀመጡ። የሁለቱም እጅ ደም በደም ነው። አንዋር በሕይወት አለ፤ ይተነፍሳል፣ ዓይኑ ግን ማንንም አያውቅም።

"ወንድሜ በወባ አልሞተም" አለ ሷሊሕ፣ ወደ መንገዱ እያየ። "የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ይሄንኑ ክኒን ነበር የሚውጠው። እኛም ጎተራው ቤት ዘጋንበት፤ ይውጣለት ብለን። ሲጮህ አባቴ በሩ ላይ ተደግፎ ያለቅሳል እንጂ አይከፍትም። ጠዋት ጸጥ ሲል 'አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለው' አለ። እናቴ ናት የከፈተችው። ወባ ነው በሉ ብላ አስማለችን።"

"ትናንት ለምን አልነገርከኝም?"

"አባቴ ቆሞ ነበር።"

ራቢዓ ደም የነካው እጇን ወንድሟ ጭን ላይ እንዳለ ወደ ሷሊሕ እጅ ገፋችው። ሁለቱም አልጨበጡም፤ ተነካክተው ቀሩ። ከዚያ በላይ ጉልበት ያለው ሰው ባጃጇ ውስጥ አልነበረም።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነርሷ ሲስተር ፀሐይ ተቀበለቻቸው። መርፌ ወጋችው፣ ኦክስጅን አደረገችለት፣ ከዚያ ዘወር አለች። "ምን ሆኖ ነው?"

ሀጂ ሰዲቅ የደረሱት ይሄኔ ነው። ጩኸቱ ገበያው ድረስ መጥቶላቸው መጋዘናቸውን ከፍተው፣ መሰላሉን ተሸክመው ማሳው ድረስ ሮጠዋል። ልጁን ሲያጡት ያንኑ መሰላል በትከሻቸው ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው ሮጡ። ዘበኛው "ሀጂ፣ ይሄ አይገባም" ቢላቸው አልሰሙትም፤ መሰላሉ በሩ ላይ ተጋድሞ ተሰነቀረ። መሰላሉን ትተው ገቡ። ቆባቸው የለም።

"ወባ ነው ልጄ" አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "ወባ ይዞት ከማማ ወደቀ።"

"አባ፣ ወባ አይደለም" አለች ራቢዓ። "ክኒን ነው። ትራማዶል ነው። እኛ ነን ማማ ላይ አስረን ያስቀመጥነው። እኔም ምግብ እየላክሁ ዝም ብያለሁ።"

"አንቺ ልጅ..."

"ይመቱኝ አባ። ግን ወባ አይበሉ። የሷሊሕን ወንድም በወባ ቀብረናል፤ አንዋርን በወባ አልቀብርም።"

ሀጂ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። መሬት ላይ ነው የተቀመጡት፤ አግዳሚ ወንበሩ አጠገባቸው ነበር።

"መቼ ነው የመጨረሻውን የወሰደው? ምን ያህል?" አለች ሲስተር።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት" አለ ሷሊሕ። ያንን ዓረፍተ ነገር ሲናገር በሩ ላይ እኔን ጨምሮ ከማሳው ተከትሎ የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር፤ ፖሊስ ጣቢያውም ብዙ አይርቅም። የሰጠውን እየቀነሰ የመጣበትን ሁሉ ነገራት።

ሲስተር ፀሐይ አዳምጣ ጨረሰች። "እሳቸው በአንዴ ቆርጠው ሊገድሉት ነበር። አንተ ደግሞ ከመንገድ በተገዛ ክኒን ልትገድለው ነበር። እዚህ ስንት ቤተሰብ መጥቶ ልጁን አሳክሞ ወጥቷል፤ ማንም ካርድ አይቶ አልሳቀባቸውም። እናንተ የፈራችሁት ምኑን ነው?" አለች። የመላኪያ ወረቀት መጻፍ ጀመረች። "አሁን ደብረ ብርሃን ይሄዳል። ሊነቃ ይችላል፤ አልዋሻችሁም፣ ሊቀርም ይችላል። የወሰደውን የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሂድ። ሐኪሞቹ ይጠይቁታል።"

ራቢዓ አንዋርን ጭና አምቡላንሱ ውስጥ ገባች። ሷሊሕ ሸሚዝ የለውም፤ ደረቱ ላይ እሾህ ተሰክቶበታል። በሩ ጋ ቆሞ መግባት አልደፈረም። ሀጂም ገና አልገቡም። ሁለቱ ወንዶች የተከፈተው በር ግራና ቀኝ ቆመው ሞተሩ ይጮኻል። ራቢዓ አባቷን አየች፣ ሷሊሕን አየች። እንደዚያ ቀን ሰው ተስፋ ሲፈራ አይቼ አላውቅም። ቀይ ሻሿን ከጉያዋ አውጥታ የወንድሟን ግንባር ትጠርጋለች።

ሀጂ ሰዲቅ ሷሊሕን ሳያዩ፣ "ግባ ልጄ" አሉ።

ይሄው ነው። ጩኸቱ፣ ደብዳቤው፣ መሰላሉ፣ ግሪሳው የወሰደው ኮፍያ ጭምር፣ ሁሉም እንደነገርኳችሁ ነው፤ በማሽላዬ ምያለሁ። ግን መሐላው እንዳይደርስብኝ አንዲት ነገር ልመን። "ልጄ" የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ራቢዓ ዓይኗን ሳትነቅል የጠበቀቻት ስለመሰለኝ ነው። ሀጂ ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዙረው ያሉት "ግባ" ብቻ ነው።